ሁለት ባትሪ ቀየርኩ፤ መኪናዬ ግን ከእረፍት ስመለስ አሁንም አልነሳ ይላል

የሌሊት ተረኛ — ኅዳር 9፣ ከጠዋቱ 3፡20

ሰላም ለዚህ ቤት ሰዎች። ነርስ ነኝ፤ የምሠራው በፈረቃ ሲሆን አብዛኛውን ጊዜ ሌሊት ነው። የምነዳው በፈረንጆቹ 2004 የተሠራ ማርሹ በእጅ የሚቀየር ኮሮላ ነው። ካለፈው መጋቢት ጀምሮ ባትሪው እየሞተ አስቸግሮኛል። መጀመሪያ «ባትሪው አርጅቷል» ተባልኩና በሚያዝያ አዲስ ገዛሁ። በጥቅምት መጀመሪያ ያም አልነሳ አለ። «የገዛሽው ጥራት የሌለው ነው» ስባል የተሻለ የተባለውን፣ 45 አምፔር ሰዓት የሚይዘውን ገዛሁ። አብዛኛው የወር ደመወዜ እዚያ ላይ ሄደ። ይኸው በወሩ ውስጥ እርሱም ሞተ።

ትናንት ምሽት 1 ሰዓት ላይ ወደ ሥራ ልወጣ ስል ቁልፉን ባዞረው ጠቅ ጠቅ ጠቅ ብሎ ዝም አለ። የዳሽቦርዱ መብራት ደብዝዞ ጠፋ። የጎረቤት ልጆች ቁልቁለቱን ገፍተውልኝ በሁለተኛ ማርሽ ተነሳ። 40 ደቂቃ ዘግይቼ ስደርስ እኔን ለመተካት ስትጠብቅ የነበረችው ባልደረባዬ ከጠዋት ጀምሮ በእግሯ የቆመች ናት። ከገንዘቡ ይልቅ ያንገበገበኝ ይህ ነው።

መብራት ረስቼ አላውቅም። በሮቹንና የኋላውን ሣጥን ሁልጊዜ ፈትሼ ነው የምዘጋው። ቀዩ የባትሪ መብራት ሞተሩ ሲነሳ ይጠፋል። የቀድሞው ባለቤት ያስገባው አላርም አለ፤ እኔ ደግሞ ስክሪን ያለው ቴፕ አስገብቻለሁ። ሌላ ባትሪ ልግዛ ወይስ ባትሪውን የሚሞላውን ዲናሞ ላስቀይር?

ባለ ታክሲው — ኅዳር 9፣ ከጠዋቱ 4፡05

እህቴ፣ አይዞሽ። ዲናሞውን ለመፈተን ቀላል ዘዴ አለ። ሞተሩን አስነሺና እየሠራ ሳለ የባትሪውን አንዱን ገመድ ንቀዪው። ሞተሩ ከጠፋ ዲናሞው አይሞላም፤ ካልጠፋ ደህና ነው። ሁለት ደቂቃ አይፈጅም።

ከገርጂ — ኅዳር 9፣ ከጠዋቱ 4፡40

አላርሙ ነው። የእኔም መኪና በዚሁ ምክንያት ዓመት ሙሉ አሰቃይቶኛል። አላርሙን አስነቅዪውና ተገላገዪ።

የጋራዥ ሰው — ኅዳር 9፣ ከቀኑ 7፡30

ልጄ፣ ሞተሩ እየሠራ ባትሪውን ንቀዪ የሚለውን እለምንሻለሁ አትሞክሪው። 36 ዓመት የመኪና ኤሌክትሪክ ሠርቻለሁ። በዚህች አንዲት ሙከራ የተቃጠለ ኮምፒውተር ይዤ ለባለቤቱ ማስረዳት ብዙ ጊዜ ደርሶብኛል። ባትሪ ኃይል ከማጠራቀም ሌላ ከዲናሞው የሚመጣውን የቮልት ከፍታና ዝቅታ ውጦ የሚያረጋጋ ነው። እርሱን ድንገት ስታነሺ ዲናሞው ለቅጽበት ከመጠን በላይ የሆነ ቮልት ይለቃል። ይህ ዘዴ ከድሮ መኪናዎች የመጣ ነው፤ እነርሱ የሚቃጠል ኮምፒውተር አልነበራቸውም። በአንቺ መኪና ግን የሞተሩን ኮምፒውተር፣ የዲናሞውን ሬጉሌተር (ቮልቱን የሚቆጣጠረውን) እና ቴፑን ባንድ ጊዜ ሊወስድብሽ ይችላል። ደግሞም መልስ አይሰጥም። ሞተሩ ሳይጠፋ ቢቀር እንኳ ዲናሞው ስንት ቮልት እየሞላ እንደሆነ ከዚያ አታውቂም።

ሌላ ባትሪ አትግዢ፤ ዲናሞም አታስቀይሪ። ከነገርሽኝ ሁሉ እስካሁን አንድ ሰው እንኳ ሲለካ አላየሁም። ሁሉም ገምቶ ነው ያስገዛሽ። ባትሪ ደጋግሞ ሲሞት ወይ ባትሪው ራሱ መያዝ አቅቶታል፣ ወይ ዲናሞው አይሞላውም፣ ወይም መኪናው ቆሞ ሳለ አንድ ነገር በድብቅ ይጠጣዋል። ሦስቱም ሲታዩ አንድ ዓይነት ናቸው፤ ጠዋት ጠቅ ጠቅ ማለት ነው። የሚለያቸው ቮልትና አምፔር የሚለካው ቴስተር ነው። ከአንድ ባትሪ ዋጋ ጋር ሲተያይ ትንሽ ገንዘብ ነው፤ ከጎረቤትም አይጠፋም።

ከቴስተሩ በፊት ግን አንድ ነገር መልሽልኝ። የሚሞተው መቼ መቼ ነው? ስንት ቀን ከቆመ በኋላ?

ባለ ታክሲው — ኅዳር 9፣ ከቀኑ 8፡10

ጋሼ፣ ይህን ዘዴ ከአባቴ ነው የተማርኩት፤ እኔም ለብዙ ሰው አሳይቼበታለሁ። አንድም ቀን ያቃጠለው ነገር አላጋጠመኝም።

የጋራዥ ሰው — ኅዳር 9፣ ከቀኑ 8፡45

ልጄ፣ አባትህ ያስተማሩህ በዘመናቸው ትክክል ነበር። እኔም ተለማማጅ ሳለሁ እንደዚያ እሠራ ነበር። ያላጋጠመህም እውነት ነው፤ አሥር ጊዜ ላይጎዳ ይችላል። አሥራ አንደኛው ግን የዚች ልጅ መኪና ከሆነ ኮምፒውተሩን ማን ይከፍልላታል? ሞተሩን አስነስቶ ቴስተሩን ባትሪው ላይ ማሳረፍ አሥር ሰከንድ ነው፤ ከ13.8 እስከ 14.5 ቮልት ካሳየ ይሞላል። ከዚህ የቀለለ መንገድ የለም።

የሌሊት ተረኛ — ኅዳር 9፣ ከምሽቱ 2፡00

ጋሼ፣ እግዚአብሔር ይስጥልኝ። የፈረቃ ሰሌዳዬን አውጥቼ መኪናው ከሞተባቸው ቀኖች ጋር አስተያየሁት። ከዚህ በፊት እንዲህ አድርጌ አላየሁትም ነበር። በተከታታይ በምሠራባቸው ሌሊቶች አንድም ቀን ሞቶ አያውቅም። የሚሞተው ሦስት ቀን አርፌ በአራተኛው ቀን ስወጣ ነው። አንድ ጊዜ ብቻ በሁለተኛው ቀን ሞቷል፤ ከዚያ በፊት የነዳሁት ከቤት እስከ ገበያ ብቻ ነበር።

የጋራዥ ሰው — ኅዳር 9፣ ከምሽቱ 3፡15

ሰሌዳሽ ግማሹን ሥራ ሠርቶልኛል። ዲናሞው የማይሞላ ቢሆን ኖሮ በተከታታይ በምትነጂባቸው ቀኖች ነበር የሚሞተው። አንቺ ዘንድ የተገላቢጦሽ ነው፤ ስትነጂው ይኖራል፣ ሲቆም ይሞታል። ስለዚህ ቆሞ ሳለ የሚጠጣ ነገር አለ ብዬ እጠረጥራለሁ። ጥርጣሬ ግን ልኬት አይደለምና እንለካው።

መጀመሪያ ባትሪውን ፈትተሽ ቻርጅ ቤት ውሰጂው። በ4 ወይም በ5 አምፔር ቀስ ብሎ ሌሊቱን ይሙላ በያቸው፤ ቶሎ እንዲሞላ በትልቅ አምፔር አያፍሉት። ባዶ ባትሪ ላይ የሚወሰድ ልኬት ያሳስታል። ስትፈቺ ሁልጊዜ ኔጌቲቩን አስቀድሚ፤ ስታስሪ ኔጌቲቩ መጨረሻ ይሁን። ፖዘቲቩን ስትፈቺ ቁልፉ የመኪናውን ብረት ቢነካ አንዳች ነገር እንዳይፈጠር ነው። ክብሪትና ሲጋራ አጠገቡ እንዳይደርስ፤ ሲሞላ የሚወጣው ሃይድሮጂን ይፈነዳል። በጫፎቹ ላይ ነጭ ወይም አረንጓዴ ዱቄት ካለ በሙቅ ውኃ በተበጠበጠ የመጋገሪያ ሶዳ እጠቢው፤ አድርቀሽ እሰሪና ከላዩ ቫዝሊን ቀቢው።

ከተሞላ በኋላ መኪናው ላይ አስረሽ ሌሊቱን አሳድሪው። ጠዋት ሞተሩን ሳታስነሺ ለኪ። 12.6 ቮልት ሙሉ ነው፤ 12.4 ሦስት አራተኛ፣ 12.2 ግማሽ፣ 12.0 ሩብ ነው። ከ11.9 በታች ባዶ በይው። ከዚያ አንድ ሰው ቁልፉን እያዞረ አንቺ ቴስተሩን እዪ፤ ሲያስነሳ ከ9.6 በታች የሚወርድ ባትሪ ደክሟል። ከተነሳ በኋላ የሚያሳየውን ደግሞ ጻፊልኝ።

ከሚኒሶታ — ኅዳር 10፣ ከሌሊቱ 9፡30

እኔ ያለሁት ክረምቱ ከዜሮ በታች 20 ዲግሪ በሚደርስበት አገር ነው። እዚህ ባትሪ የሚፈተነው በጥር ነው፤ በዚያ ብርድ ሙሉ ባትሪ እንኳ ሞተር የማዞር ጉልበቱ ወደ ግማሽ ይወርዳል። ባዶ የሆነ ባትሪ ደግሞ ውስጡ ያለው ፈሳሽ ወደ ውኃ ስለሚቀርብ በረዶ ሆኖ ይሰነጠቃል። ሙሉው ግን በዚህ ብርድ አይረጋም። የአዲስ አበባ የኅዳር ሌሊት ይህን ያህል አይደርስም። ነገር ግን የደከመን ባትሪ ያጋልጣል፤ በግንቦት ተንገዳግዶ ይነሳ የነበረ በኅዳር ይቀራል። ብርዱ መንስኤው ነው ብላችሁ እንዳትተዉት።

ከድሬዳዋ — ኅዳር 10፣ ከጠዋቱ 2፡10

በእኛ በኩል ባትሪ የሚገድለው ሙቀት ነው። ክዳኑ የሚከፈት ዓይነት ከሆነ በየወሩ ውኃውን እዩ። ሳህኖቹ ከውኃ በላይ ወጥተው ከታዩ ያ ክፍል እየተጎዳ ነው ማለት ነው። የሚጨመረው የተጣራ ውኃ ብቻ ነው፤ የቧንቧ ውኃም አሲድም አይጨመርበትም። አሲድ ይጨመርበት የሚላችሁን አትስሙ፤ የሚተነው ውኃው ነው፣ አሲዱ እዚያው ይቀራል።

የሌሊት ተረኛ — ኅዳር 13፣ ከጠዋቱ 2፡40

ለካሁ። ቴስተሩን ከወንድሜ ተዋስኩ። አድሮ ጠዋት 12.31 ቮልት። ሲነሳ ለቅጽበት 10.4 ወርዶ ተመለሰ። ሞተሩ እየሠራ 14.1። የፊት መብራትና ማሞቂያ ስከፍት 13.9። ጋሼ፣ ቻርጅ ቤት ሲያስረክቡኝ ሙሉ ነው ብለውኛል፤ ታዲያ በአንድ ሌሊት ወደ 12.31 ለምን ወረደ?

የጋራዥ ሰው — ኅዳር 13፣ ከቀኑ 6፡50

ዲናሞው ይሞላል፤ 14.1 መልካም ነው። 10.4 ሲነሳ መልካም ነው። አንድ ሌሊት ቆሞ ወደ ግማሹ የቀረበ ባትሪ ግን ተጠጥቷል፤ ወይም ደጋግሞ ባዶ በመሆኑ ተጎድቷል፤ ወይም ሁለቱም። ባትሪ ባዶውን በተቀመጠ ቁጥር ሳህኖቹ ላይ ሰልፌት ይጋገራል፤ ያ ጠጥሮ ሲቆይ በቻርጅ አይመለስም። የአንድ ወር ገደማ ባትሪ የሁለት ዓመት የሚመስለው በዚህ ነው።

አሁን አምፔሩን እንለካ። ከሁሉ የሚበልጥ ጥንቃቄ የሚፈልገው ይህ ነው፤ ቀስ ብለሽ አንብቢው።

ቁልፉን አውጪ፣ መብራትና ቴፕ አጥፊ፣ በሮቹን ዝጊ። ፊውዝ ሣጥኑ ዳሽቦርዱ ሥር ነውና የሾፌሩን መስኮት ክፍት ተዪው። ቴስተሩን ዲሲ አምፔር ላይ አድርጊና ቀዩን ገመድ 10 አምፔር ወደሚለው ቀዳዳ አዛውሪ። በቁጥር 10 ቁልፍ ኔጌቲቩን ፍቺ። የቴስተሩን አንድ ጫፍ በፈታሽው ገመድ ላይ፣ ሌላውን በባትሪው ኔጌቲቭ ላይ አድርጊ። ከመኪናው የሚፈስሰው ሁሉ አሁን በቴስተሩ ውስጥ ያልፋል። ግማሽ ሰዓት ጠብቂ፤ መጀመሪያ ላይ ከፍ ብሎ ይታያል፣ ከዚያ ኮምፒውተሮቹ ሲተኙ ይወርዳል። ብዙ ሰው የሚሳሳተው ሳይጠብቅ በማንበብ ነው። ቴስተሩ እዚያ ላይ ሳለ ቁልፍ እንዳታዞሪ፤ ሞተሩን የሚያስነሳው ሞተሪኖ ከመቶ አምፔር በላይ ይስባልና የቴስተሩን ፊውዝ ያቃጥላል። ሲያበቃም ቀዩን ገመድ ወደ ቮልቱ ቀዳዳ መመለስሽን አትርሺ። በአምፔር ቀዳዳ ላይ ሆኖ የባትሪውን ሁለት ጫፍ ከነካሽ በቀጥታ ማገናኘት ነው።

ከ0.02 እስከ 0.05 አምፔር ጤነኛ ነው። ሰዓቱና የኮምፒውተሩ ትውስታ ያን ያህል ይጠጣሉ።

ባለ ኤሌክትሪክ መኪና — ኅዳር 13፣ ከምሽቱ 1፡30

ይቅርታ፣ ወሬ ላቋርጥ። በነዳጅ የሚሠሩ መኪናዎች እንዳይገቡ ከተከለከለ ወዲህ ብዙዎቻችን ኤሌክትሪክ ገዝተናል። የእኔ ትልቁ ባትሪ 70 በመቶ እያለው አንድ ጠዋት በሩ እንኳ አልከፈት አለ። ይህ ከእናንተ ወሬ ጋር ይገናኛል?

የጋራዥ ሰው — ኅዳር 13፣ ከምሽቱ 2፡05

በጣም ይገናኛል። ኤሌክትሪክ መኪናም እንደ እኛው ትንሽ ባለ 12 ቮልት ባትሪ አለው። በሩን፣ ኮምፒውተሩንና ትልቁን ባትሪ የሚያገናኘውን ሪሌ የሚያንቀሳቅሰው እርሱ ነው። እርሱ ከሞተ ትልቁ ሙሉ ቢሆንም መኪናው አይነቃም። ዲናሞ ስለሌለው የሚሞላው ከትልቁ ባትሪ ቮልቱን ዝቅ በሚያደርግ መሣሪያ ነው። ብርቱካናማ ገመዶቹን ግን ፈጽሞ አትንካ፤ በእነርሱ የሚያልፈው ቮልት ሰው ይገድላል። ትንሹን ባትሪ ብቻ በቴስተር ለካው፤ ቁጥሮቹ ከላይ የጻፍኳቸው ናቸው። ትንሹ ባትሪ ሊቲየም ከሆነ ግን ቁጥሮቹ ይለያሉና ከመመሪያው መጽሐፍ ተመልከት።

የሌሊት ተረኛ — ኅዳር 15፣ ከቀኑ 10፡20

ጋሼ፣ እጄ እየተንቀጠቀጠ ነው የለካሁት፤ ነገር ግን እንዳሉት አደረግኩ። መጀመሪያ 2.1 አምፔር አሳየ፤ ከ25 ደቂቃ በኋላ 0.42 ላይ ቆመ። ሰዓት ጠብቄም አልወረደም። ከዚያ የዳሽቦርዱን ሥር ፊውዞች አንድ በአንድ እየነቀልኩ እየመለስኩ አየሁ። የአላርሙ ሲነቀል 0.40 ሆነ፤ የቴፑ ሲነቀል ምንም ለውጥ የለም። በኮፈኑ ሥር ያሉትንም ትንንሾቹን ሁሉ ሞከርኩ። 0.40ው እዚያው ቆሟል። ምን ቀረኝ?

ከገርጂ — ኅዳር 15፣ ከቀኑ 10፡50

እንግዲያው አላርሙ አይደለም። እኔ በራሴ መኪና የደረሰውን ይዤ ነበር የተናገርኩት፤ ይቅርታ እህቴ።

የጋራዥ ሰው — ኅዳር 15፣ ከምሽቱ 12፡30

ልጄ፣ ከብዙ መካኒክ የተሻለ ለክተሻል። ሒሳቡን እንሥራ። 0.42 አምፔር በ24 ሰዓት 10 አምፔር ሰዓት ገደማ ነው። በሦስት ቀን እረፍትሽ 30 ይሆናል። ባትሪሽ አዲስ ሳለ 45 የሚይዝ ነበር፤ የተጎዳው አሁን ከዚያ ያነሰ ነው የሚይዘው። በአራተኛው ቀን የሚቀረው ሞተር ማዞር አይችልም። የፈረቃ ሰሌዳሽ የነገረን ይህንኑ ነበር።

ትንንሾቹ ፊውዞች ሁሉ ተነቅለው ያልቆመ ፍሳሽ በእነርሱ በኩል የማያልፍ ነው። ከእነርሱ ውጪ በወፍራም ገመድ የሚሄዱት ሞተሪኖውና ዲናሞው ናቸው። የዲናሞው ትልቁ ፊውዝ በብሎን የሚታሰር ስለሆነ አንቺ አልነቀልሽውም። ስለዚህ ዲናሞውን እጠረጥራለሁ። «ይሞላል እኮ» እንዳትዪኝ፤ እየሞላም ሊያፈስስ ይችላል። በውስጡ ዳዮዶች አሉ፤ እንደ ጎማ ቫልቭ ናቸው፣ ወደ ባትሪው ያስተላልፋሉ እንጂ ወደ ኋላ አይመልሱም። ሲደክሙ ሞተሩ ሲሠራ በደንብ ይሞላሉ፤ ሲጠፋ ደግሞ ባትሪውን መልሰው ወደ ዲናሞው ያፈስሱታል። ቀዩ መብራት ይህን አይነግርሽም። ብዙ ጋራዥ 14 ቮልት አይቶ «ዲናሞው ሰላም ነው» የሚለው በዚህ ምክንያት ነው።

ይህኛውን አንቺ አትሥሪው፤ ሰፈርሽ ወዳለ የዲናሞ ሠሪ ውሰጂው። እንዲህ በዪው፤ ኔጌቲቩን ፈትቶ ወፍራሙን የዲናሞ ገመድ ይንቀል፣ ጫፉን በናስትሮ ይጠቅልል፣ ከዚያ አምፔሩን መልሶ ይለካ። ከወረደ ዲናሞው ነው፤ ካልወረደ ዲናሞውን እንዳትነኪ። ሳይለካ ልፍታው ካለሽ ወደ ሌላ ሂጂ።

ባለ ታክሲው — ኅዳር 16፣ ከጠዋቱ 1፡15

ጋሼ፣ ትናንት ሌሊት የእኔን መኪና በዚህ መንገድ ለካሁት፤ 0.03 ነው። ገመድ መንቀሉን ከእንግዲህ አላደርገውም፤ ለጓደኞቼም ነግሬያቸዋለሁ። እህቴ፣ ገፍተሽ ማስነሳት ሲያስፈልግሽ ዳገት ላይ አቁሚ፤ ሰው በማይገኝበት ሰዓት ይጠቅምሻል። ከሌላ መኪና በገመድ ከሆነ የምታስነሺው ደግሞ የመጨረሻውን ኔጌቲቭ ከሞተው ባትሪ ላይ አታድርጊው፤ ራቅ ብሎ ከሞተሩ ብረት ላይ ይሁን። ብልጭታው ከባትሪው ይራቅ።

የሌሊት ተረኛ — ኅዳር 20፣ ከቀኑ 9፡00

ተገኘ። ዲናሞ ሠሪው መጀመሪያ «ዲናሞ ልቀይርልሽ» ብሎኝ ነበር። ጋሼ እንዳሉኝ ገመዱ ተነቅሎ ይለካ አልኩት፤ ትንሽ ተገርሞ አደረገው። ከ0.42 ወደ 0.03 ወረደ። ሁለታችንም ቴስተሩን ዝም ብለን ተመለከትን። ዲናሞው ሲፈታ ከዳዮዶቹ ሁለቱ ወደ ኋላም ያስተላልፉ ነበር። ሙሉ ዲናሞ አልገዛሁም፤ የዳዮዱን ሳህን ብቻ ከሶማሌ ተራ አስመጣልኝና ቀየረው። በዚያው ዲናሞውን የሚያዞረው ቺንጋ ተሰንጥቆ ስላገኘው እርሱንም ቀየርን። የእጅ ዋጋውን ጨምሮ ከአንድ ባትሪ ዋጋ በጣም ያነሰ ነው የከፈልኩት።

አሁን የምጠይቀው ስለ ባትሪው ነው። ይህኛው ተርፏል? የሚያዝያው ባትሪስ? እርሱን አዲሱን ስገዛ በአሮጌ ዋጋ አስረክቤዋለሁ።

የጋራዥ ሰው — ኅዳር 20፣ ከምሽቱ 1፡40

እሰይ ልጄ። የሚያዝያው ምናልባት ጤነኛ ነበር፤ ሳይለካ ጥራት የለውም ያለሽ ሰው ነው የበደለሽ። አሁን ያለው ጉዳት አለበት፤ ሆኖም ሲነሳ 10.4 የያዘ ባትሪ አይጣልም። አንድ ጊዜ ደግሞ ቀስ ብሎ ሌሊቱን ይሞላ። ከዚያ ሳይታሰር ሁለት ቀን ይቀመጥና ለኪው፤ ከ12.4 በላይ ከያዘ ዓመት ይዘልቅልሻል ብዬ አስባለሁ። ከ12.2 በታች ከሆነ ብርድ ሳይጠነክር ለውጪው። ሲለወጥም ባትሪው የተሠራበትን ቀን ከላዩ አንብቢ፤ መደርደሪያ ላይ ዓመት የቆየውን አዲስ ብለው እንዳይሸጡልሽ።

በእረፍትሽ መካከል ደግሞ አንድ ቀን ግማሽ ሰዓት ንጂው። አስነስቶ አምስት ደቂቃ ቆሞ ማጥፋት ግን ብዙ ጥቅም የለውም፤ ለማስነሳት ያወጣውን እንኳ ላይመልስ ይችላል።

የሌሊት ተረኛ — ኅዳር 29፣ ከቀኑ 11፡30

ሁለት ቀን ሳይታሰር ቆይቶ 12.47 ያዘ። መልሼ አሰርኩት። ዛሬ የሦስት ቀን እረፍቴ ያበቃል፤ መኪናውን በመካከል ሆን ብዬ አልነካሁትም። ምሽት 1 ሰዓት ላይ ልወጣ ስል ለክቼ እጽፋለሁ።

የሌሊት ተረኛ — ኅዳር 29፣ ከምሽቱ 1፡02

12.43። በአንድ ቁልፍ ተነሳ። ልሂድ፤ ባልደረባዬ እየጠበቀችኝ ነው።